የቡታጅራ መንገድ ያስተማረኝ

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ፣ ሁለት የዓለም ቅርሶችና አንድ ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን አሉ፤ መልካ ቁንጥሬ፣ ጢያ እና አዳዲ ማርያም። አብዛኛው የከተማችን ሰው ግን መንገዱን የሚያውቀው በክትፎው ነው። ክትፎውን አልነቅፍም፤ እኔም ሳልቀምሰው ተመልሼ አላውቅም። ለአክሱምና ለላሊበላ መመሪያ የሚጽፍ ሞልቷል። የትንንሽ ከተሞች ቅርስ ግን አካሄዱ ሌላ ነው። ትልቅ ሕንፃ የለም፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማብራሪያ ትንሽ ነው፣ ከነገሩ ግማሹ ያለው ደግሞ ቦታውን በሚጠብቁትና ዙሪያውን በሚኖሩት ሰዎች ዘንድ ነው። ብቻዬንም፣ ከቤተሰብም፣ ከእንግዳም ጋር ስመላለስ የያዝኩትን እነሆ።

ሦስቱን በአንድ ቀን አትጨርሷቸው

ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ጉዞ ጠዋት መልካ ቁንጥሬ፣ ረፋድ ላይ አዳዲ፣ ከሰዓት ጢያ፣ ማታ ቤት የሚል ነው። በማለዳ ለተነሣ ባለመኪና ሰዓቱ ይበቃዋል። ሦስተኛው ቦታ ሲደረስ ግን ሰው ደክሟል፣ ልጆች ርቧቸዋል፣ ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል፤ ድንጋዩ ፊት ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ብቻ ይሆናል። በቀን ሁለት ይበቃል። ለእኔ የተመቸኝ መልካ ቁንጥሬንና አዳዲን በአንድ ቀን አይቶ፣ ቡታጅራ ለማደር በታሰበ ጊዜ ጢያን ለብቻው መያዝ ነው። ቡታጅራ ያደረ ሰው በማግሥቱ ሐረ ሸይጣን የሚባለውን፣ በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ ሳያይ አይመለስም። እሱ የሌላ ቀን ወሬ ነው።

መልካ ቁንጥሬ ላይ ከሙዚየሙ በፊት ወደ ቁፋሮው

የመልካ ቁንጥሬ ሙዚየም በጎጆ መልክ በተሠሩ ክብ ቤቶች የተከፋፈለ ነው። እንግዳ ሁሉ እንደደረሰ ቀጥ ብሎ ወደዚያ ይገባል። አንድ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ሌላ ድንጋይ፣ ከዚያ አጥንት፣ እንደገና ድንጋይ። ስለ ቅድመ ታሪክ ብዙ ያላነበበ ሰው ሁለተኛው ጎጆ ሳይደርስ ስልኩን ያወጣል፤ አልፈርድበትም።

ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መጀመሪያ ጎምቦሬ ወደሚባለው የቁፋሮ ሥፍራ በእግር ሂዱ። እዚያ የተቆፈረው ወለል መጠለያ ተሠርቶለት፣ ድንጋዩም አጥንቱም በተገኘበት ቦታ ተትቷል። ሰው ቁጭ ብሎ የሠራበት፣ ሥጋ የቆረጠበት፣ የተሰበረውን የጣለበት መሬት ነው። ዙሪያው ላይ አዋሽ የቦረቦረውን አፈር ተመልከቱ፤ ደለል፣ አሸዋ፣ ነጣ ያለ የእሳተ ገሞራ አመድ፣ እንደገና ደለል። ወንዙ እየሞላ ደለል ሲያለብሰው፣ በአካባቢው የነበሩት እሳተ ገሞራዎች አመዳቸውን ሲነሰንሱበት፣ የሰው ሥራ እንደተቀመጠ ተቀበረ። ተመራማሪዎች ዕድሜውን የሚያሰሉትም በአብዛኛው ከዚያ አመድ ነው። እንዲህ እየተደራረበ የተቀበረው ታሪክ ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

እ.ኤ.አ. በ1963 ጌሪት ዴከር የተባለ ኔዘርላንዳዊ የውሃ ባለሙያ ድንጋዮቹን አስተዋለ። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ዕድሜውን ያሳለፈበት ቁፋሮ ተከፈተ፤ ከእሱ በኋላ የጣሊያን ተመራማሪዎች ተረከቡት። ስሞቹን ባትይዙ ግድ የለም። ሁለት ነገር ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱም የሕፃናት ናቸው። አንደኛው በ1981 ጋርባ ከሚባለው ሥፍራ የተገኘ የሕፃን መንጋጋ ሲሆን በ2023 የወጣ ጥናት የሆሞ ኢሬክተስ ነው ብሎ ዕድሜውን ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ አድርሶታል። ሁለተኛው እዚያው ጎምቦሬ የተገኘ የእግር ዱካ ነው። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት፣ ውሃ ዳር ባለ ጭቃ ላይ፣ የአዋቂዎች፣ የእንስሳትና ገና መሄድ የጀመሩ ሕፃናት ዱካ አንድ ላይ ታትሞ ቀርቷል። ጉማሬ በሚታረድበት፣ ድንጋይ በሚጠረብበት ቦታ ሕፃናቱም ነበሩ ማለት ነው። ይህን ነገር ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ደጋግሜ የምነግረው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከሁሉም አስበልጦ የሚገባው እሱ ስለሆነ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሙዚየሙ ግቡ። አሁን ድንጋዩ ይናገራል። ከባልጩት የተሠራ አንድ የእጅ መጥረቢያ ፊት ቆማችሁ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ጥቁር ነው፣ እንደ ጠርሙስ ያብለጨልጫል፤ ፊቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ ጠባሳ አንድ ምት ነው። ጠባሳው ውስጥ ደግሞ ከተመታበት ነጥብ እየሰፋ የሚሄድ ቀለበት ቀለበት የሆነ ሞገድ አለ። ሞገዱን ወደ ኋላ በዓይን ተከትላችሁ ብትሄዱ ሠሪው በየት በኩል እንደመታ ታገኙታላችሁ። ትልልቆቹ ምቶች መጀመሪያ፣ ትናንሾቹ ጠርዙ ላይ መጨረሻ። አካባቢው ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባልጩት ብቻ እየመረጡ እንዲህ ያለ መሣሪያ በብዛት የሚያመርቱበት ቦታ እንደነበር ታውቋል። ባልጩት እጅን ይቆርጣል፣ በቀላሉ ይሰበራል፤ ሥራውን የማያውቅ ሰው አይነካውም። ለዚህ ነው አንዱ መጥረቢያ ፊት ረጅም ጊዜ መቆም ሁሉንም ጎጆ ዞሮ ከመውጣት ይሻላል የምለው።

ከመሬት ምንም አታንሡ

ባልጩቱ የሚመጣው ከዚያው አቅራቢያ፣ ባልጭት ከሚባል ቦታ ነው። መልካ ቁንጥሬ በዓለም ቅርስነት ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተመዘገበው ከባልጭት ጋር አንድ ላይ ነው። እዚያ መሬቱ ላይ ጥቁር ስባሪ ተነስንሶ ይታያል፤ አንዱን ኪስ ውስጥ መክተት የሚከብድ አይመስልም። ስባሪው ግን ከቦታው ከተነሣ በኋላ ተራ ድንጋይ ነው፤ ለተመራማሪ የሚነግረው ነገር ያለው ከተኛበት ቦታና ከጎረቤቶቹ ጋር ነው። ማንም ቢሸጥላችሁም አትግዙ። ይልቅ ስለ ቆዳ ሥራ ጠይቁ። በደቡቡ የአገራችን ክፍል፣ ጉራጌንና ሐዲያን ጨምሮ፣ የቆዳ ባለሙያዎች በባልጩት መፋቂያ ቆዳ ሲፍቁ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የውጭና የአገር ውስጥ ተመራማሪዎች እግራቸው ሥር ተቀምጠው አጥንተዋቸዋል። ኅብረተሰቡ ሲንቃቸው የኖሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ የዓለም ተመራማሪ ስለ ጥንቱ የድንጋይ ሥራ ለመማር የመጣው ግን ወደ እነሱ ነው።

አስጎብኚውን «በምን ታወቀ?» በሉት

ጢያ ላይ ይህች ጥያቄ ከቲኬቱ በላይ ዋጋ አላት። እርግጡ ነገር ይህ ነው፦ 36 ትክል ድንጋዮች አሉ፣ ከእነሱ 32ቱ ተቀርጾባቸዋል። አክሱም በተመዘገበበት በዚያው ዓመት፣ በ1972 ዓ.ም.፣ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ሥራቸው መቃብር ነው፤ በቁፋሮ የተገኙት ሰዎች በአብዛኛው ወጣቶች ሲሆኑ የተቀበሩትም እጥፍጥፍ ብለው ነው። ከቅርጾቹ መካከል ጎራዴው ለማንም ግልጽ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ትርጓሜ ነው። የጎራዴው ቁጥር ሟቹ የገደለው ጠላት ቁጥር ነው ይባላል። ቅጠል የሚመስለውን እንሰት ነው የሚሉ አሉ፤ ክቡ ምን እንደሆነ ደግሞ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። የአካባቢው ሰው ድንጋዮቹን በግራኝ ስም ሲጠራቸው ኖሯል፤ ጥናቱ ግን ከኢማም አሕመድ ዘመን በፊት እንደቆሙ ነው የሚያሳየው። ይህን ሁሉ መስማት እወዳለሁ፤ ያለ እሱ ጢያ ቀዝቃዛ ሜዳ ነው። የምጠላው «ይባላል» የምትለዋ ቃል ስትጠፋ ነው። አንድ ወጣት አስጎብኚ ስለ አንዱ ቅርጽ ስጠይቀው «ይሄን ማንም አያውቀውም፣ እኔም ፈጥሬ አልነግርዎትም» አለኝ። ለእሱ የሰጠሁት ጉርሻ ከሌሎቹ ይበልጥ ነበር፤ ምክንያቱንም ነገርኩት።

ጢያን በጠዋት ወይም አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ እዩት። ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን ጎራዴዎቹ ጠፍተው ድንጋዩ ልሙጥ ይመስላል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን የእያንዳንዱ ቅርጽ ጠርዝ የራሱን ጥላ ይጥላል፤ በስልክም ቢሆን ፎቶው ይወጣል።

አዳዲ ማርያም ሙዚየም አይደለችም

ከአስፋልቱ ወደ ቀኝ ተገንጥሎ ነው። ከሩቅ ምንም አይታይም፤ ቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች የተፈለፈለ ስለሆነ ጣራው ከመሬቱ ጋር ነው፤ ዙሪያውን በተቆፈረው ቦይ ወርዳችሁ ነው የምትገቡት። ትውፊቱ የቅዱስ ላሊበላ ሥራ ነው ይላል። ላሊበላን አይቶ የመጣ ሰው «ትንሽ ነው፣ ሻካራ ነው» ሲል ሰምቻለሁ። እውነቱን ነው፤ ግን መጥረቢያው ዓለቱን እንዴት እንደበላው እዚህ ይበልጥ ይታያል። ያልተስተካከለ ግድግዳ ብዙ ያሳያል።

ደንቡ ቀላል ነው። ጫማ ይወልቃል፣ ነጠላ ይደረጋል፣ ቅዳሴ ላይ ጉብኝት የለም። ካልሲ ወፍራም ይሁን፤ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ምንጣፍ ካለበት ደግሞ ቁንጫም አይጠፋም። ባትሪ ያዙ፣ ግን አገልጋዩን ሳትጠይቁ አታብሩ። በወሩ በ21 ከሄዳችሁ የማርያም ቀን ስለሆነ ሰው ይበዛል፤ ሕንፃውን ለማጥናት አይመችም፣ ቤተ ክርስቲያኑ ለምን እንደሚኖር ለማየት ግን ከዚያ የተሻለ ቀን የለም። በአዘቦት ቀን ደግሞ ቁልፉ የት እንዳለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቁልፍ የያዙት አባት እርሻ ላይ ሊሆኑ ይችላሉ። «አባ፣ ይፍቱኝ» ብሎ መስቀል ተሳልሞ፣ ትንሽ ተጫውቶ፣ ከዚያ ስለ ጉብኝት ማንሣት ነው። ቀጥታ «ይከፈትልን» ያለ ሰው ይከፈትለታል፤ ወሬው ግን አይከፈትለትም።

ስለ ገንዘብና ስለ መንገድ

ዝርዝር ብር ያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ በስልክ መክፈል የለም። ለከፈላችሁት ደረሰኝ ተቀበሉ። ለአገር ውስጥና ለውጭ ሰው ዋጋው ይለያያል፤ እንግዳ ከያዛችሁ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ በር ላይ ከሚከራከር። ልጆች ተከትለው እስክርብቶ ቢጠይቁ በነፍስ ወከፍ ከማደል ለትምህርት ቤቱ መስጠት ይሻላል። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ጎማ ይይዛል፤ የአዳዲ መገንጠያ በተለይ። መስከረምና ጥቅምት ላይ ሜዳው ሁሉ አደይ ነው።

ምሳ እዚያው ብሉ። ከቤት ሳህን ሙሉ ቋጥሮ ሄዶ፣ አጥር ጥግ በልቶ፣ ቆሻሻውን ትቶ የሚመለስ እንግዳ ለከተማው ምኑ ነው? የዚያ ሰዎች ቅርሱ አጠገባቸው ስላለ ግጦሽ የተከለለባቸው ናቸው። ሻይ ቤት ገብቶ አንድ ሻይ መጠጣት፣ ቆጮና አይብ ማዘዝ ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ይቆጠራል።

ሻይ ቤት ውስጥ ሽማግሌ ፈልጉ

ጢያ ላይ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀምጬ «አባባ፣ እርስዎ ልጅ ሳሉ እዚህ ምን ነበር?» አልኳቸው። «ከብት ነበር እንጂ ምን ይኖራል!» ብለው ሳቁ። ፀሐይ ሲበረታ ከትልቁ ድንጋይ ጥላ ሥር እየተቀመጡ ገበጣ ይጫወቱ እንደነበር፣ አጥሩ ሲታጠር ልጆቹ እንዴት እንደተናደዱ፣ ፈረንጆቹ ቁፋሮ ላይ ብሩሽ ይዘው አፈር ሲጠርጉ ሴቶቹ እንዴት እንደሳቁባቸው ነገሩኝ። ይህ የትኛውም ማብራሪያ ሰሌዳ ላይ የለም።

ቀጥሎ የጠየቅኳቸው ከአጥሩ ውጭ ስላሉት ነው። በሶዶ አካባቢ 160 ያህል የትክል ድንጋይና የመሰል ቅርስ ሥፍራዎች ተለይተዋል፤ ጢያ ከእነሱ አንዱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ማሳ መካከል፣ መቃብር ጥግ፣ ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ቲኬት ቆራጭም ምልክትም የላቸውም። እነሱን ማየት የሚፈልግ ሰው የአካባቢውን ልጅ ይዞ፣ የማሳውን ባለቤት አስፈቅዶ መሄድ አለበት። እህል ባለበት ወቅት ማንም ማሳውን አያስረግጥም፣ ትክክልም ነው። ጥር ላይ፣ አጨዳና ውቂያው ካለቀ በኋላ ሂዱ።