እማዬ «አደይ» ብላለች፣ አለቀ

ከሕንጻችን ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ (ታውቁታላችሁ፣ ሁሌ «ሊሠራበት ነው» የሚባለው) ሰሞኑን ቢጫ በቢጫ ሆኗል። ዛሬ ጠዋት ልጄ እፍኝ ሙሉ ቀጥፋ ለእማዬ ሰጠቻት። እማዬ መጀመሪያ ልጅቷን፣ ቀጥላ አበባውን ስማ «አደይ! አደይ እኮ ነው!» አለች። ልጅት ጋን (መዋዕለ ሕፃናት) ውስጥ ተምራ የለ? «ሎ ሳፍታ፣ ኻርጺት!» (አይ አያቴ፣ ኻርጺት ነው!) ብላ ኩም አደረገቻት።

ክርክሩ ቡናው በረካ እስኪደርስ አላለቀም። ዳኛ ማን? እኔ።

እውነቱን ካላችሁ ልክ ልጅቷ ናት። አደይና ኻርጺት ዝምድና አላቸው፣ ኑጉም ሱፉም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ ግን አደይ የሚፈካው ክረምት ሲወጣ በመስከረም ነው። አገር ቤት አዲስ ዓመታችን ብርሃን ሠረቀ ሲከበር ሜዳው ቢጫ ነበር። እዚህ እስራኤል፣ ሀደራ፣ ሮሽ ሃሻና (ያው አዲስ ዓመቱ) ሲደርስ ሜዳው ገለባ ነው፤ አልፎ አልፎ ሐጻቭ የሚባል ነጭ አበባ እንደ ዘበኛ ቆሞ ታያላችሁ። እማዬ አዲስ ዓመቷን ስድስት ወር ዘግይታ መጋቢት ላይ ብታገኘው ማን ይከለክላታል? በፈረንጆቹ 1891 ከተማዋ ከተቆረቆረች በኋላ ረግረጉን እንዲመጥ የተተከለውንም ጫካ የመጣን ሰሞን «ባሕር ዛፋችን!» ስትል ማንም አላረማትም።

ላጣራ ብዬ ስልኬን ብከፍት የባሰ ጉድ። ይቺ የኛ ሜዳ ኻርጺት ከዕፀዋት ሊቁ ከሊኒየስ ጀምሮ ክሪሳንተመም ነበር ስሟ። የቻይናና የጃፓኑ፣ አበባ መሸጫ በባልዲ የሚደረደረው፣ ወገኑ ሌላ ነው ተብሎ ዴንድራንተማ የሚባል ስም ተሰጥቶት ነበር። ነጋዴውና አትክልተኛው ይሄን ስም አልወደዱትም። በፈረንጆቹ 1999 ሴንት ሉዊስ ላይ የዕፀዋት ሊቃውንት ተሰብስበው ክሪሳንተመም የሚለውን ስም ለእስያው አጸደቁለት። የኛዋ ግሌቢዮኒስ ተባለች። ከቆመችበት ንቅንቅ ሳትል ስሟን ተቀማች።

እዚህ ላይ ነው ደሜ የፈላው።

የእህቴ ስም አበባ ነው። በመጣን በሳምንቱ ክፍል ስትገባ አስተማሪዋ ስሟን ሁለቴ ሞከረችው፤ በሦስተኛው «ቬሬድ» አለቻት። በክፋት አልነበረም፣ ፈገግ ብላ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ፈገግታው ነው። ቬሬድ ጽጌረዳ ማለት ነው፤ እህቴ ደግሞ ያኔ ጽጌረዳ አይታ አታውቅም! ደብተሯ ላይ ቬሬድ፣ መታወቂያዋ ላይ ቬሬድ፣ የሠርግ ካርዷ ላይ ቬሬድ። ማታ ማታ እማዬ «አበባ!» ብላ ስትጣራ ሁለት ሦስቴ ካልደጋገመች አትሰማም ነበር። አባዬ ይስቅ ነበር። እማዬ አልሳቀችም። ቬሬድ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

እና አሁን እኔ ተነሥቼ «እማዬ፣ አደይ አይደለም፣ ግሌቢዮኒስ ነው» ልበላት? ጀበናውን ነው የምትወረውርብኝ።

ነገሩን ለማብረድ «ጃፓኖች ሹንጊኩ ብለው ቅጠሉን ይበሉታል» አልኳት። «ምነው፣ ጎመን አጥተው ነው?» አለችና እቅፉን የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ከተተችው። ልጅት አኩርፋ ክፍሏ ገባች።

ፎቶውን ለእህቴ ላክሁላት። «ውይ አደይ!» ብላ መለሰች።

ስልኬ ላይ ቬሬድ ብዬ ነው የመዘገብኳት። እኔው ራሴ። ይሄን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት።

ተዉኝ እስቲ።