ከማን ጋር ገባሽ?

ከቅርጫት ኳስ ቁጥሮች ሁሉ እኔ የምወደው ፕላስ ማይነስን ነው። አምስት ተጫዋቾች ሜዳ ላይ ሳሉ ቡድናቸው 12 ነጥብ አግብቶ 8 ቢገባበት፣ የእያንዳንዳቸው ቁጥር ፕላስ 4 ነው። አንድም ኳስ ያላገባው፣ በመከላከል የደከመውም ድርሻውን ያገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2015 የኤንቢኤ ፍጻሜ የኦክላንዱ ዎሪየርስ በክሊቭላንድ 2 ለ 1 ተመርቶ ነበር። አሠልጣኙ ስቲቭ ከር ረጅሙን አንድሩ ቦገትን አስቀምጦ አንድሬ ኢጉዳላን አስጀመረ። የቡድኑ ቁመት ቀነሰ፣ ፍጥነቱ ጨመረ፤ ዎሪየርስ ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ።

የኮሌጅ ቁጥር ግን ያስጠረጥረኛል። ጨዋታው 40 ደቂቃ ነው፤ የጨዋታዎቹም ብዛት የኤንቢኤን 82 ግማሽ እንኳ አይሞላም። አንድ ዓይነት አምስት ተጫዋቾች አብረው የሚሰለፉት ለጥቂት ጊዜ ስለሆነ፣ በዕድል የገቡ ሁለት ባለ ሦስት ነጥብ ኳሶች ሁሉንም ይገለብጡታል።

ሳን ሆዜ ያለችው የእህቴ ልጅ ለኮሌጇ ትጫወታለች። በቅርቡ «ጋሼ፣ ማይነስ 9 ነኝ። እኔ ስገባ ይበልጡናል፤ ልተወው ይሆን?» አለችኝ። የአራት ጨዋታ ቁጥር ይዛ! ቪዲዮውን አብረን አየን። የምትገባው ሁልጊዜ ዋናዋ ኳስ አቀባይ ስታርፍ፣ ከተቀያሪዎች ጋር ነው። ማክሰኞ ከልምምድ በፊት አሠልጣኟን «ከእሷ ጋር ይሞክሩኝ» ልትል ነው።