ሞተሩ ይውረድ?

"ጋሼ፣ ሞተሩ መውረድ አለበት።"

መካኒኩ ይህን ያለኝ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነው። "ስንት ይፈጃል?" አልኩት። ሰማይ ሰማይ እያየ አሰላና "ከነዕቃው 170 ሺህ ብር" አለኝ።

እናንተዬ፣ እኔ ይህችን ኮሮላ ዲኤክስ በ1994 ዓ.ም. የገዛኋት በ65 ሺህ ብር ነው! ያኔ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ፤ ግማሹን ከወንድሞቼ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። ሁለቱንም ልጆቼን ከሆስፒታል ወደ ቤት ያመጣኋቸው በእሷ ነው። እናቴንም ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት የወሰድኳት በእሷ ነው።

ችግሩ የጀመረው የሽሮሜዳን ዳገት ስወጣ ነው። ውሃዋ ፈላ፤ ከኋላ ነጭ ጭስ ለቀቀች። የዘይት መለኪያዋን መዝዤ ሳየው ዘይቱ ቁርጥ ማኪያቶ መስሏል።

ገንዘቡ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፤ ግን ስም የወጣለት ገንዘብ ነው። ባለፈው ወር የደረሰን ዕቁብ ነው፤ ለትንሿ ልጃችን የኮሌጅ ክፍያ ተብሎ የተቀመጠ።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ የሂሳብ ባለሙያ ናት። "ስንት ብር ፈሶባታል! አምና ፍሪሲዮን፣ ካቻምና ራዲያተር። አሁን እንዴት ትተዋለች?" አልኳት።

"የወጣው ወጥቷል፤ እሱን አትቁጠረው" አለች። "ይልቅ እንዲህ እንዳለች ብትሸጥ ስንት ታወጣለች? ተሠርታስ? ሌላ እንግዛ ብንልስ?"

በሌላው ዓለም ጥገናው ከመኪናው ዋጋ ከበለጠ መኪናው ይጣላል ይባላል። እኛ ጋ ይህ ስሌት አይሠራም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ሶማሌ ተራ ስትሄዱ የመለዋወጫው ዋጋ ይህንኑ ይነግራችኋል። አሮጌ መኪና ዋጋው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ በሒሳቡ ከሄድን 170 ሺውም ቢሆን "ያዋጣል"። ልጅቷ ግን ቤት ልትቀመጥ ነው።

ባለቤቴ አንድ ጥያቄ ጨመረች፦ "ለመሆኑ ልጁ ሞተሩ መውረድ እንዳለበት በምን አወቀ?"

ዝም አልኩ። ስንቱን ተማሪ "ማስረጃህ የታለ?" እያልኩ ያፋጠጥኩ ሰው፣ መካኒኩን ይህን አልጠየቅኩትም!

በማግስቱ በገመድ አስጎትቼ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ወሰድኳት። ሰውዬው አልቸኮሉም። ካንዴላዎቹን ፈትተው በየተራ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት ለኩ። አንደኛውና አራተኛው ደህና ናቸው፤ መሃለኞቹ ሁለቱ ወድቀዋል። እነሱ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው ደግመው ለኩ። ለውጥ የለም።

"ወንድሜ" አሉኝ፣ "ችግሩ ፋሻው ቢሆን በዘይቱ ከፍ ይል ነበር። ሁለቱ ጎረቤታሞች አብረው የወደቁት መሃላቸው ያለው ጋርኒሲዮን ተበልቶ ነው። ውሃውም ወደ ዘይቱ የገባው በዚያው ነው።" ቴስታታውን ቶርኖ ቤት አስልሰው፣ ጋርኒሲዮኑንና ዘይቱን ቀይረው 38 ሺህ ብር። "ስከፍተው ተሰንጥቆ ካገኘሁት ግን ሳልነካው እደውላለሁ" አሉ። አልደወሉም።

የመጀመሪያው ልጅ ዋሽቶኛል አልልም። ገምቶ ነው። የገመተው ግን በልጄ የትምህርት ገንዘብ ነው።

ባለቤቴ በዚህ አላለፈችኝም። "ሞተሩ እውነትም ተለክቶ መውረድ ካለበት መኪናዋ ትሸጣለች" የሚል ወረቀት ጽፋ አስፈረመችኝ። ወረቀቱ ከሊብሬው ጋር ተቀምጧል። ትናንት የሽሮሜዳን ዳገት ያለ ችግር ወጣነው፤ እኔ ግን መንገዱን ሳይሆን የሙቀት መለኪያውን ነበር የማየው።