የከበሮው ሰንበር

የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ለጆሮ ብቻ የተሠራ አይደለም። ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት፣ ሰፊው አፉ የመለኮትን ምልዓት፣ ጠባቡ አፉ ጌታ በፈቃዱ በሥጋ መወሰኑን ያመለክታል። የለበሰው ጨርቅ ጭፍሮች በመዘበት ያለበሱት የከለሜዳ ምሳሌ ነው፤ ማንገቻው የታሰረበት ገመድ፣ ዙሪያውን የወጠረው ጠፍርም በሰውነቱ ላይ የታተመው የግርፋት ሰንበር ነው።

ይህ ከበሮ በዐቢይ ጾም ዝም ብሎ ይሰነብታል። በትንሣኤ ሌሊት ግን በኢየሩሳሌም፣ በዴር ሱልጣን ገዳም፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ይሰማል። ያን ጊዜ ደስታውን የሚያበሥረው ያው ሰንበር ያለበት አካል ነው፤ ጠፍሩ ቢላላ ቆዳው ድምፅ አይሰጥምና።

እንግዲህ ተሳላሚው ሕማሙን ረስቶ እልልታውን ብቻ ይዞ ወደ አገሩ ቢመለስ፣ የሰማው ጩኸት እንጂ ዝማሬ አይደለም። ሰንበሩን የሚያስብ ግን ከበሮ በሌለበት ቤቱም ሲያመሰግን ይኖራል።