ሉሁና ጭቃው



መድረሳ የቀራን ሁላችን ሉሁን እናስታውሳለን። የዕለቱን ሀፍዘን ለኡስታዛችን ካሰማን በኋላ ሰሌዳው ታጥቦ ለነገው ይዘጋጃል። ፊደሌ ጠመመ ብሎ የሚያለቅስ ልጅ አልነበረም፤ ይታጠባላ! የመኪና ዲዛይን ስቱዲዮዎችን አሠራር ስናነብ ትዝ ያለን ይኸው ሉህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1927 ጄኔራል ሞተርስ በሃርሊ ኧርል መሪነት የዲዛይን ክፍል አቋቋመ፤ የመኪናን ቅርጽ በጭቃ መሥራትም የስቱዲዮው ልማድ ሆነ። በኮምፒውተር ዘመንም አልተተወም። ጭቃው ሰምና ዘይት ያለበት ነው። አሙቀው ሲለሰልስ በእንጨትና በፎም አጽም ላይ ይለጥፉታል፤ ሲቀዘቅዝ በብረት ይፍቁታል። ከዚያ በሚያብረቀርቅ ስስ ፕላስቲክ ሸፍነው የመብራቱ ነጸብራቅ በመኪናው ጎን ላይ እንዴት እንደሚፈስ ያያሉ። ትንሽ ከተሰበረ እንደገና ፍቀት ነው። ለውጭ ሰው እብደት ይመስላል። እኛ ግን ብልሃቱን ወደድነው፦ ስህተት በጭቃ ላይ ርካሽ ነው፤ ቆርቆሮውን የሚጨምቀው የብረት ፎርማ ከተሠራ በኋላ ግን አይቀመስም።

ኡስታዞቻችን ኢትቃንን ከወስዋስ ይለዩልን ነበር። ሥራን አሳምሮ መፈጸም ኢትቃን ነው። ሦስቴ ታጥቦ «ዉዱኤ አልሞላም» እያለ ጀመዓው የሚያልፈው ሰው ግን ወስዋስ ይዞታል። በእኛ ዲፓርትመንት የሚበዛው ሁለተኛው ነው። ስንት ጥሩ ሐሳብ «ገና ነው» እየተባለ ላፕቶፕ ውስጥ ቀርቷል!

ሚኒ የተባለችውን መኪና እንይ። ከ1956ቱ የስዊዝ ቀውስ በኋላ ብሪታኒያ ነዳጅ ሲያጥራት፣ አሌክ ኢሲጎኒስ አራት ሰው የምትይዝ ትንሽ መኪና እንዲሠራ ታዘዘ። ሞተሩ ግን ኩባንያው ያለው መሆን ነበረበት። እሱም ሞተሩን ወደ ጎን አዞረው፤ ካምቢዮውን ከሥሩ አድርጎ ሁለቱ አንድ ዘይት እንዲጋሩ አደረገ፤ ጎማውንም ወደ 10 ኢንች አሳነሰ። መኪናዋ ከ3 ሜትር ብዙም ሳታልፍ በ1959 ለገበያ ወጣች። የመጀመሪያዎቹ ሚኒዎች ዝናብ ያስገቡ ነበር፤ የወለሉ ቆርቆሮ መደራረቢያ ወደ ፊት የተከፈተ ነበርና። ተስተካከለ። (ገዝተው እግራቸው የራሰ ሰዎች ግን ይህን ታሪክ እንደኛ የሚወዱት አይመስለንም።) እስከ 2000 ድረስ ከ5 ሚሊዮን በላይ ተመርታለች።

አሁን ቡድናችን ለመመረቂያ ፕሮጀክት የባጃጅ የዝናብ በር እየሠራ ነው። ግማሻችን የበሩ መስመር በስክሪን ላይ እስኪጠራ እንጠብቅ አልን፤ ግማሻችን ካርቶን እንቁረጥ። ካርቶኑ አሸነፈ። ወዲያው አንድ ነገር አሳየን፦ በሩ ሲዘጋ ሹፌሩ ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ የለውም። ስክሪኑ ላይ ሹፌር አልነበረማ! የዚህ ሳምንት ሥራችን ክርኑ ነው።