ሊጡና ልጆቹ

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2017

ካርድ ከተሰጠ ወዲህ ልጆቹ አርፍደው ይነሳሉ። ከቁርስ በኋላ ሶፋው ላይ ናቸው፤ ማታ ከሥራ ስገባም እዚያው። ዝናቡ ውጪ አያስወጣም። ማረፋቸውን አልጠላም፤ ዓመቱን ሙሉ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እየተነሱ ሰርቪስ ሲጠብቁ ከርመዋል። ነገር ግን እስከ መስከረም ድረስ ሰው እያቀረበላቸው፣ ሰው እያነሳላቸው እንዲከርሙ አልፈልግም።

ከራት በኋላ ከባለቤቴ ጋር ሆነን ሰበሰብናቸው። ትልቋ 13 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 10፣ ትንሿ 5። "ማን ያግዘኛል?" ብዬ አልጠየቅኩም። ሲያግዙኝ ብቻ ከሆነ ሥራው የእኔ ሆኖ ይቀራል፤ ደስ ሲላቸው ይሠራሉ፣ ሲሰለቻቸው ይሄዳሉ። ለእያንዳንዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ የራሳቸው የሚሆን፣ ካልተሠራ ሁላችንም የምንቸገርበት አንድ ሥራ ሰጠናቸው። ለትልቋ ውሃ፣ ለወንዱ እንጀራ፣ ለትንሿ ካልሲ ማዛመድና ማንኪያ መደርደር።

"እንጀራ የሴት ሥራ አይደል እንዴ?" አለ ወንዱ።

አባቱ ቀደመኝ። "ትበላለህ አይደል?"

ሰኞ፣ ሐምሌ 7

በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትመጣው ደግሞ ሌሊት ነው። ትናንት ቧንቧው ማፏጨት ሲጀምር ቀድማ የሰማችው ትልቋ ናት። ጄሪካኖቹን አለቅልቃ፣ በርሜሉን ሞልታ፣ ቧንቧውን ዘግታ ተመልሳ ተኛች። ጠዋት ስነሳ ጄሪካኖቹ ላይ ፕላስተር ለጥፋ "ለመጠጥ"፣ "ለዕቃ"፣ "ለሽንት ቤት" ብላ ጽፋባቸዋለች። ቀድሞ የተቀዳው ቀድሞ እንዲያልቅም ቀን ጽፋበታለች። ይህን ማንም አልነገራትም።

አንድ ነገር ብቻ ከልክያታለሁ። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 20 ኪሎ ነው፤ የ13 ዓመት ልጅ ወገብ እሱን ተሸክሞ ደረጃ አይወጣም። አራተኛ ፎቅ ላሉት አሮጊት ጎረቤታችን የምታደርስላቸው በባለ 5 ሊትር ሃይላንድ ነው። እሳቸውም ያለ ምርቃት አይሸኟትም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 22

ዛሬ ወንዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊጥ አቦካ። ዱቄቱን ነፋ፤ ቅንድቡ ሳይቀር ጤፍ ሆነ። ውሃውን በአንዴ ሲገለብጠው ዱቄቱ ጓጎለ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዝም አልኩ። እጁን እስከ ክርኑ አስገብቶ የጓጎለውን አንድ በአንድ በጣቱ እያፈረሰ ቆየ። ከዚያ እርሾውን ሳቀብለው አሽትቶ ፊቱን አጨማደደ።

"ይኼ ነገር ተበላሽቷል!"

በዓይን የማይታዩ ሕያው ነገሮች ውስጡ እንዳሉ፣ ዱቄቱን ሲበሉ አየር እንደሚያወጡ፣ የእንጀራው ዓይን ከዚያ አየር እንደሚመጣ ነገርኩት። ሳይንስ ክፍል ሲማረው እንዲህ ዓይኑ ፈጥጦ የሰማው አይመስለኝም። ክረምት ስለሆነ ቶሎ አይቦካም፤ ብርዱ ያዘገየዋል። ዕቃውን በጋቢ እንጠቅልለው ያለው እሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 26

ሊጡ ላይ ውሃ አቀረረ። ልጁ ቀስ ብሎ አጠለለውና ለሚቀጥለው የሚሆን እርሾ አስቀረ። ከዚያ አብሲት፤ ከሊጡ ጥቂት ወስዶ በውሃ አቅጥኖ እሳት ላይ እያማሰለ እስኪወፍር አበሰለው። ለብ ሳይል ወደ ሊጡ መመለስ የለበትም፤ ትኩሱ እርሾውን ይገድለዋል። ይህን ከነገርኩት በኋላ ድስቱን በየደቂቃው እየነካ "አሁንስ?" ይለኛል።

ሊጡ ኩፍ ሲል ምጣዱን ጣድነው። ከአጠገቡ አልራቅኩም፤ ማስፋቱ የእሱ፣ በሰፌድ ማውጣቱ ለዘንድሮ የእኔ ነው። ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል ማዞር ከውጪ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው መሐሉ ወፍሮ ዳሩ ሳሳ፣ ዓይንም አላወጣ። ሁለተኛው ተቀደደ። እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

"አንቺ ልጅ፣ የጤፍን ዋጋ ረሳሽው? ስጪኝ ልጋግረው!"

"እማዬ ተዪው፣ እሱ ይጨርሰው።"

እናቴ እጇ ወርቅ ነው፤ ቢለቁላት ሁሉንም በአንድ ሰዓት ትጨርሰው ነበር። ልጁ ግን ዳግመኛ ምጣድ አጠገብ አይደርስም ነበር። ልጅ የሠራውን ከኋላው እየተከተሉ ማስተካከል ከስድብ ይብስበታል ብዬ አምናለሁ። ያጣጠፈውን ልብስ እያየ እንደገና ሲያጥፉበት፣ ያጠበውን ብርጭቆ ከፊቱ ሲያጥቡበት፣ "አንተ አትችልም" መባሉን አፍ አውጥተው ሳይነግሩት ይገባዋል።

አራተኛው ዓይን አወጣ። አክንባሎው ሲነሳ ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። እናቴ ጥግ ጥጉን ነካክታ፣ "ይኼስ ለሰው ይቀርባል" አለች። እናቴ እንጀራ በቀላሉ አታመሰግንም።

እሑድ፣ ሐምሌ 27

ቡና ላይ አንዲት ጎረቤቴ ዕቃ ላጠበ ልጅ 20 ብር እንደምትሰጥ ነገረችን። እኔ አልስማማም። ልጆቼ ገንዘብ ሲያስፈልጋቸው እሰጣለሁ፤ የበሉበትን ሳህን ለማጠብ ግን አልከፍልም። የበላንበት ሁላችንም ነን።

እሑድ፣ ነሐሴ 4

ትልቋ ዛሬ ተከራከረችኝ። ምስር ልቀሚ ስላት "ልጅን ሥራ ማሠራት በሕግ የተከለከለ ነው" አለች። ሳቅኩና አብረን እንይ አልኳት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደህንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ እንዳይገደድ ይጠብቀዋል። በ1982 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደህንነት ቻርተር ደግሞ አንቀጽ 31 ላይ ልጅ እንደ ዕድሜውና እንደ አቅሙ ለቤተሰቡ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ሁለቱንም አነበበች። "ስለዚህ ምስሩን እለቅማለሁ፤ ግን እያነበብኩበት ያለውን ምዕራፍ ጨርሼ" አለች። ተስማማሁ።

ባለቤቴ ሲያዳምጥ ቆይቶ ስለ ራሱ ልጅነት አወራ። ጎጃም፣ ገጠር ነው ያደገው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለእነሱ ዕረፍት አልነበረም፤ የጤፍ አረምና ከብት ጥበቃ ነበር። ጭቃ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ጎንብሶ ከማረም የተነሳ ማታ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅተው እንደነበር ነገራቸው። በብዙ ቦታ ዛሬም እንዲሁ ነው። በየከተማው ቤት ደግሞ የቤቱ ልጆች ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ በዕድሜ እኩያቸው የሆነች ከገጠር የመጣች ልጅ ልብስ ታጥባለች። እኔ በልጆቼ እጅ ላይ ሥራ ማየት የምፈልገው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው፦ የአንድ ሰሃን ልፋት የገባው ልጅ ነገ ሰውን እንዲያው አያለፋም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ሙልሙሉን ያቦካውና ያድበለበለው ወንዱ ነው፤ ትንሿ ደግሞ ትልልቁን ለብቻ፣ ትንንሹን ለብቻ ስትደረድር ነበር። ትናንት ማታ ከሰፈር ልጆች ጋር ሆያ ሆዬ ሲጨፍር አመሸ። ዛሬ በራችን ላይ ለመጡት ሙልሙል ሲያድል "እኔ ነኝ የሠራሁት" እያለ ነበር፤ አንዱ ልጅ አላመነውም።

እሑድ፣ ጳጉሜን 2

ትምህርት ሊከፈት ነው፤ ሥራዎቹን እንደገና ተነጋገርንባቸው። ትልቋ ውሃውን አልለቅም አለች፤ ሌሊት መነሳቱን ግን ትምህርት ባለበት ቀን እኔ ተረከብኩ። ወንዱ ሊጡን በየሳምንቱ እንደሚቀጥል ነገረን፤ ፈተና ሲደርስ ግን አባቱ እንዲተካው ጠየቀ። አባትየው በዕድሜው ሊጥ አቡክቶ አያውቅም። የእንቁጣጣሹን እንጀራ ረቡዕ ለመጋገር ዛሬ ማታ መቦካት አለበት፤ ልጁ ዱቄቱን ነፍቶ አስቀምጦ አባቱን እየጠበቀ ነው።