አርባ ሰዓት ብቻውን

የእህቴ ልጅ አውሮፕላን ሠርቶ ማብረር ይፈልጋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ በብየዳ ሥራ የሚተዳደር ወጣት ነው። ደብተሩ ሁሉ የክንፍ ሥዕል ሆኗል፤ እናቱ እንቅልፍ አጥታለች። በአንድ የጸሎት ምሽት ደግሞ እንደ ንስር እንደሚወጣ ተነገረው። ከዚያ ወዲህ የስሌት ነገር ሲነሣ ፊቱ ይጨልም ጀመር። «ጋሼ፣ ጌታ ካለ አለ ነው» ይለኛል።

በቤተ ክርስቲያን የሰማሁት ሁለት መልስ ነው። አንዱ «እብደት ነው፣ ተወው»፤ ሌላው «አሜን በልና ቀጥል»። ሁለቱም ተናጋሪውን ምንም አያስከፍሉትም።

እብደት ነው ለሚሉት አንድ ሰው ላስታውሳቸው። አስመላሽ ዘፈሩ የጤና ትምህርት የተማረ ሰው ነው። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ ቁመቱ በ1 ሳንቲ ሜትር አነሰ ተብሎ ተመለሰ። እርሱ ግን ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ቪዲዮ እየተማረ፣ ያገለገለ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ አውሮፕላን ሠራ። ስሟን ኬ-570ኤ አላት። «ኬ» ለእናቱ ለኪሮስ ነው፣ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀው ቀን። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ሲሞክራት አልተነሣችም። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ ግን የእናቱን ስም ክንፍ ላይ ለመጻፍ 570 ቀን በደከመ ሰው ላይ የምስቅበት አፍ የለኝም። ከእርሱ በፊትም በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት «ፀሐይ» በርራለች። ጣልያን ወስዷት ጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

«አሜን በልና ቀጥል» ለሚሉት ግን ነገሩ ረዘም ይላል፤ ምክንያቱም የምንኖረው ሰማይ ቀርቦ አየር በሳሳበት አገር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ባሕር ዳር አገር 40 የፈረስ ጉልበት የሚሰጥ ተራ ሞተር እዚህ 30 ቢሰጥ ነው። ፕሮፔለሩም የሚገፋው ስስ አየር ነው፤ ክንፉም ያንኑ ክብደት ለማንሣት ከበፊቱ በፈጠነ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ጉልበት ሲቀንስ፣ የሚፈለገው ፍጥነት ሲጨምር፣ መንደርደሪያው በጣም ይረዝማል። ቀትር ላይ ፀሐይ አየሩን ስታሞቀው ደግሞ ይብሳል። ከአሸናፊ መዝሙር በኋላ አየሩ አይወፍርም። ይህን ስል የሚቀየሙኝ እንዳሉ አውቃለሁ፤ ግን አየሩን እንዲህ አድርጎ የሠራው ማን ነው?

አንድ ቅዳሜ ልጁን ይዤው አንኮበር ወረድን። ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን ትልልቆቹን አሞሮች አየን። (በስብከታችን ንስር ከምንላቸው ብዙዎቹ ጥንብ አንሣ ናቸው፤ ይህን ለሰባኪዎቻችን አትንገሩብኝ።) ክንፋቸውን እምብዛም አያራግቡም። ከቆላው በኩል የሚመጣው ነፋስ ከገደሉ ጋር ሲጋጭ ወደ ላይ ይገፋል፤ እነርሱም በዚያ ላይ ይንሳፈፋሉ። ነፋሱ ገደሉን አልፎ ከጀርባ ሲወርድ ግን ያንኑ ክንፍ ወደ መሬት ይጫነዋል። «እነርሱ ይህን ያውቃሉ፣ አንተስ?» አልኩት። ዝም አለ።

እዚያው ስለ ማቴዎስ ምዕራፍ 4 አወራን። ጠላት ጌታን በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ፣ የተስፋ ቃል እየጠቀሰ እንዲዘል ጠየቀው። ጌታ አልዘለለም። ተስፋው እውነት አልነበረም ብሎ አይደለም፤ አባቱን መፈታተን ስላልፈለገ ነው። በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚያስብ ሰው የተናገረውም ራሱ ነው፦ ቁጭ ብሎ ወጪውን ስለሚያሰላው።

በአሜሪካ ሰዎች ፈጣን አውሮፕላን ከኪት እየገጣጠሙ ጋራዣቸው ውስጥ ይሠራሉ። የታወቀው የሪቻርድ ቫን ግሩንስቨን አር ቪ የሚባለው ዓይነት ነው፤ አንዳንዱ በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ሻይ ሳይቀዘቅዝ እንደ ማለት ነው። እኔን የነካኝ ፍጥነቱ አይደለም። ሠሪው ከሥራው ከግማሽ በላዩን በእጁ ይሠራል፤ ብዙ ሺህ ሪቬት ይመታል። ክንፉ ከመከደኑ በፊት ደግሞ ልምድ ያለው ሌላ ሠሪ ጠርቶ ውስጡን ያሳያል፤ ከተከደነ በኋላ ማንም አያየውማ። ሁሉ አልቆም ሰው ጭኖ አይበርም። ከሕዝብ በራቀ ሰማይ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ሞተሩ ዓይነት 25 ወይም 40 ሰዓት ለብቻው ይሞክራታል። ወገኖች፣ የተነገረልንን ቃል ሁሉ ለማንም አሳይተን፣ ለብቻችን 40 ሰዓት ፈትነን ብናውቅ ስንት ቤተሰብ ይተርፍ ነበር?

ልጁን ተው አላልኩትም። «ፈቃድ ሁለት ነው፤ አንዱን ከጌታ ትጠይቃለህ፣ ሌላውን ከሲቪል አቪዬሽን። አንዱ ሌላውን አይተካም» አልኩት። ለብቻው ሳቀ፤ ብዙ ጊዜ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። «እሺ ጋሼ፣ ግን መጸለዩን አትተው» አለኝ። አልተውኩም።

አሁን ሦስት ሜትር የምትሆን አንዲት የሙከራ ክንፍ ሠርቷል። ገልብጦ በእንጨት ላይ አስሯት፣ የት ላይ እንደምትሰበር ለማወቅ አሸዋ በከረጢት እየመዘነ ይጭንባታል። ከረጢቶቹን የምትሰፋለት እናቱ ናት።